ውሃ ላይ የታየው መቀነት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ቤቱ ከኮረብታ ሥር፣ ከምንጭ አጠገብ።

የኔታ ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩለት ሰው ፈንታሁን ይባላል። ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አድጎ ዘመተ፤ ሦስት ዓመት ተዋጋ፤ ባለፈው ሳምንት ተመለሰ። የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸውና ጉልበታቸውን ስሞ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፤ «የኔታ፣ ዕርቅ ወርዷል። ጠመንጃዬንም አስረክቤ ወረቀት ተቀብያለሁ። ከዚህ በኋላ ከእኔ የሚፈለግ ነገር አለ?»

የኔታ «ቁጭ በል» አሉት። ተቀመጠ። ከዚያ ነው ስለ ገበሬው የነገሩት።

ገበሬው ሚስት አለችው፤ ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ አለው፤ አንጓች የምትባል የሰባት ዓመት ሴት ልጅም ነበረችው። ወደዚያ አገር ጦር መጥቶ ኮረብታው ላይ ሰፈረ። የማን ጦር ነው ብለህ አትጠይቀኝ፤ ውሃው አልጠየቀም። ስምንት ወር ተቀመጠ። ምሽግ ቆፈረ፣ ዛፉን ለማገዶ ጨረሰ፣ የተሰበሩ መኪኖቹን እዚያው ጠገነ። ከዚያ አንድ ሰሞን ድንገት ተነሥቶ ሄደ። ሊሸከም የሚችለውን ተሸከመ፤ የማይችለውን ቀበረ።

ገበሬው ይህን አላየም። ቤተሰቡን ይዞ ቆላ ካለ ዘመድ ቤት ሸሽቶ ነበር። ሲመለስ ጣሪያው የተበሳሳ ቤት፣ አረም የዋጠው ማሳ፣ በሩ የተገነጠለ ጤና ኬላ አገኘ። ኮረብታው ጸጥ ብሏል። ምንጩ ግን እንደ ድሮው ይወርዳል።

«ውሃው ካለ ሌላው ይደርሳል» አላት ሚስቱን። ደግሞም እውነቱን ነበር፤ ጎጆውን ከደነ፣ ማሳውን አረሰ።

የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ምንጩ ወረደ። ፀሐይ ውሃው ላይ አርፋለች። በውሃው ፊት ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ተጠማዞ ተንሳፍፏል። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለም። የማርያም መቀነት ዝናብ ሲያባራ ሰማይ ላይ ሲዘረጋ ያውቃል። ውሃ ላይ ሲወርድ ግን አይቶም ሰምቶም አያውቅም። አማተበና ጮኸ።

«ኑ! የማርያም መቀነት ምንጩ ላይ ወርዷል! ጠበል ፈልቋል!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እልል ተባለ። የገበሬው ጎረቤት የሆነች አንዲት መበለት ነበረች፤ አንደበቷ የተባ፣ የሞተ ልጇን ልጅ የምታሳድግ። ከሁሉ ቀድማ የተንበረከከችው እሷ ናት። «ከስንቱ አገር መርጣ እኛ ዘንድ!» አለች። «መድፍ ሲጮህብን መክረማችንን አይታ ነው።»

አንድ ሽማግሌ በእፍኙ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። «ጋዝ ጋዝ ይላል» አለ።

«አንተ ደግሞ! ኮሶ ሲጣፍጥህ ነው የኖርከው?» አለችው መበለቷ። «መድኃኒት ነው እንጂ ጠላ አይደለም!» ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም አፍሮ ደግሞ ጠጣ።

ቄሱ መጡ። ምንጩን ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። አልባረኩትም፤ አልከለከሉምም። «ጊዜ ይግለጠው» ብለው ሄዱ። ሕዝቡም ካልከለከሉ ፈቅደዋል አለ። ገበሬው ከዚያ ቀን ጀምሮ የተከበረ ሰው ሆነ። ከሩቅ የመጣ ሁሉ «መጀመሪያ ያየው ማን ነው?» ይላል፤ እሱም «እኔ ነኝ» ይላል። ይህን ማለት ይወድ ነበር።

ደስ ያላላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የጤና ኬላው ሠራተኛ። ኬላው ተዘርፎ የቀራት አንድ መዝገብና አንድ እስክሪፕቶ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሽተኛ ትመዘግባለች። ከውሃው በጠርሙስ ቀድታ ይመረመር ብላ ወደ ከተማ ላከች። «መልሱ እስኪመጣ አትጠጡ» አለች። መልሱ አልመጣም፤ መመርመሪያ ቤቱም በጦርነቱ ፈርሶ ነበር። መበለቷ በመንገድ ባገኘቻት ቁጥር «እንዴት ነው እቴ፣ የላክሽውን ጠርሙስ ጠጡት መሰለኝ! ይማራቸው፣ እነሱም ይፈወሱ» ትላታለች።

በነሐሴ አንጓች ታመመች። ሆዷን ቁርጠት ያዛት፤ ፊቷ ገረጣ፤ ስትጫወት እግሯ ይከዳት ጀመር። «ለክፏት ነው» ተባለ። ምሽግ በነበረበት ቦታ ስታልፍ የሞቱት ሰዎች መንፈስ ለክፏት ነው ተባለ። መድኃኒቱ ደጅ ነው። እያገገመች እየወደቀች እስከ ጥቅምት ቆየች። በጥቅምት ሰባት ቀን ሱባኤ ገብታ በባዶ ሆዷ እንድትጠጣ ተወሰነ።

የሚያጠጣት አባቷ ነው። በግራ እጁ ማጅራቷን ይደግፋል፤ በቀኙ ጣሳውን ይይዛል። ስትጠጣ ያስመልሳታል። እናቷ ደነገጠች።

«አይዞሽ፣ ደስ ይበልሽ እንጂ!» አለቻት መበለቷ። «ጠበል እንዲህ ነው። እየወጣላት ነው።»

በአራተኛው ቀን አንጓች አፏን ገጠመች። «አባዬ፣ ይበቃኛል» አለችው።

«አንዲት ጉንጭ ብቻ፣ የኔ ዓለም።»

አባቷን ታምነዋለች፤ ጠጣች። በአምስተኛው ቀን ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ከበው የቆሙት «ሊለቃት ነው፣ ጨምርላት!» አሉት። ጨመረላት። ሰባተኛውን ቀን አላየችውም።

በለቅሶው የጤና ሠራተኛዋ መጣች። ሰው ሲሳሳ ወደ ገበሬው ጠጋ አለች። «ከሰኔ ወዲህ እንደ አንጓች ያደረጋቸው አሥራ አንድ ልጆች መዝግቤያለሁ» አለችው። «ሁሉም ከዚህ ምንጭ ይጠጣሉ።»

«ከወንዝ የሚቀዱትስ?»

«ከወንዙ መንደር አንድም የለኝም።»

ገበሬው ሰምቷል፤ ግን ልቡ አልቀበል አለ። ቢቀበል፣ ያጠጣው እጅ የማን ነው?

በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት የእርዳታ እህል ለመቀበል ከተማ ወጣ። ሲጠብቅ ዝናብ ጥሎ አባራ። ከመንገዱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ከመኪናው ሥር ውሃ ኩሬ ሠርቷል፤ ኩሬው ላይ የማርያም መቀነት ተዘርግቷል። ቀዩም፣ ብጫውም፣ አረንጓዴውም፣ ወይን ጠጁም አለ።

ገበሬው ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ሹፌሩ ከመኪናው ወረደ። «ምነው ወንድሜ፣ ጎማዬን ልትሳለም ነው?»

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ቀለሙ።»

«ዘይት ነዋ! ሞተሬ ያንጠባጥባል፤ ናፍጣም አለበት። ውሃ ላይ ሲያርፍ እንደዚያ ነው። መኪና አይተህ አታውቅም?»

ገበሬው ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ልጁ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ስትተነፍስ ትሸት የነበረው ሽታ ነው። እህሉን ሳይቀበል ተነሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሲደርስ ለኅዳር ጽዮን ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ስለ ጠበሉ የሰሙ የስድስት ደብር ሰዎች ለበዓሉ ይመጣሉ ተብሎ ዳስ እየተሠራ ነው። ገበሬው በመጀመሪያ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ አላለቀሰችም፤ እንስራዋን አነሣች። ወንዙ ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕፃኑ የምታመጣው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ወደ መበለቷ ሄደ። ሰምታው ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ። «ልጅህ ስለሞተች የሰውን ተስፋ ትገድላለህ?» አለችው። «የልጄ ልጅ ሆዷን ከታመመች ወር ሆናት። ለጽዮን ከሁሉ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። ተራ ይዤላታለሁ።»

«እንዳታስገቢያት።»

«ጠበል ፈለቀ ብለህ የጠራኸኝ አንተ! ዛሬ ደግሞ አይደለም ትለኛለህ? የቱ ነው ያንተ ቃል?»

ገበሬው ከእሷ ወጥቶ ወደ ቄሱ ሄደ። ቄሱም «ማስረጃህ ምንድን ነው?» አሉት።

«አፍንጫዬ ነው፣ አባታችን።»

«ልጄ፣ ስድስት ደብር ሕዝብ በአንተ አፍንጫ አይመለስም። አሳየኝ።»

በማግስቱ ዶማውን ይዞ ወጣ። ከምንጩ ዓይን ጀምሮ ሽቅብ ተመለከተ። ክረምቱ ሣሩን አለምልሞታል፤ ግን አንድ ቀጭን መስመር ላይ ሣሩ እንደ ተቃጠለ ጠቁሯል። መስመሩ ወደ ምሽጎቹ ይወጣል። እሱን ተከትሎ መቆፈር ጀመረ።

መንገደኛው ይስቅበታል። «ወታደሮቹ ወርቅ ቀብረውልህ ነው?» ይሉታል። «ድርሻችንን እንዳትረሳ!» አንዳንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኀዘን ነው፣ ተውት» ይላል። ይህ ከሳቁ ይከብደው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጤና ሠራተኛዋ ከታች ቆማ ጠራችው። «ውረድ! ያ ቦታ ፈንጂ ሊኖረው ይችላል። የሚያመክኑ ሰዎች እስኪመጡ ጠብቅ።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«አላውቅም።»

«ጽዮን መቼ ነው?»

እሱ ረዥም እንጨት ቀርጾ ነበር። አፈሩን አግድም እየወጋ፣ እየዳሰሰ፣ ከዚያ ብቻ በዶማ ይነካል። አንድ ቀን ሙሉ ቆፍሮ አሥር ክንድ አይሄድም። ይህን አንተ እንዳታደርግ፣ ልጄ፤ ማንም እንዳያደርግ። እሱ ያደረገው ቦታውን የሚያሳየው ሰው ስላጣ ነው።

በስምንተኛው ቀን ተሲያት ላይ እንጨቱ ጠንካራ ነገር ነካ። በእጁ ጠረገው። የበርሜል ክዳን ነው። ከጎኑ ሌላ በርሜል፣ ከሥሩም ሌላ። ጎናቸው ዝጎ ተበልቷል፤ ጥቁር ነገር እያዘገመ ወደ አፈሩ ይገባል። በመካከላቸው የመኪና ባትሪዎች ተጥለዋል፤ ሆዳቸው ተፈንክቶ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። እዚያው ተቀመጠ። ልጁን ከቀበረ ወዲህ ያን ቀን ነው ያለቀሰው። ካለቀሰ በኋላ ጣሳውን አውጥቶ ከጥቁሩ ሞላ።

የጽዮን ዕለት ጠዋት ሜዳው ነጭ በነጭ ሆነ። ከበሮ ይመታል። የመጀመሪያውን ተራ የያዘችው መበለት የሦስት ዓመት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ፣ ነጭ ሳህን ታቅፋ ከምንጩ አፍ ቆማለች። ገበሬው ከኮረብታው ወረደ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ሚስቱ እንስራ አዝላ ከኋላው ትከተለዋለች።

«በዚህ እድፍ ወደ ጠበል ትቀርባለህ?» ብሎ አንዱ ገፈተረው። ተንገዳገደ፤ ጣሳው ግን አልፈሰሰም። መበለቷ ፊት ደርሶ እጁን ዘረጋ።

«ሳህንሽን አውሺኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«አበድክ ካልሽኝ አብጄልሽ ልሂድ። አንድ ጊዜ አውሺኝ።»

ቄሱ ከኋላ «ስጪው» አሏት። ሰጠችው።

ሚስቱ ከእንስራው ሳህኑ ላይ ውሃ ቀዳች። «ይህ የወንዝ ውሃ ነው» አለ ገበሬው፤ ሁሉ እያየው ከውሃው ጠጣ። ሳህኑን ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ነክሮ አንዲት ጠብታ ጣለበት። ጠብታዋ ተዘረጋች። ቀይ ሆነች፤ ብጫ ሆነች፤ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሆና ሳህኑን ሞላች።

ከበሮው ቆመ። ከሩቅ ያሉት «ምንድን ነው?» ይላሉ።

«ይህችን ማርያም አላወረደቻትም» አለ ገበሬው። «እኔ ከጉድጓድ አምጥቻታለሁ። ጉድጓዱ ያ ነው፤ ሄዳችሁ እዩ። የጠጣነው ጦሩ ጥሎት የሄደውን ነው። በሰኔ ጠበል ነው ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ጮህኩ፤ ልጄንም በዚህ እጄ አጠጣኋት። አሁን አውቄያለሁ። ቃሌን መልሱልኝ።»

የመበለቷን የልጅ ልጅ ቀለሙ ደስ አላት። ጎንበስ ብላ ልትነካው እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። መበለቷ እጇን ቀብ አደረገችና ወደ ራሷ ጎተተቻት፤ ሳህኑን በእግሯ ገለበጠችው። ከዚያ ልጅቱን አቅፋ ከሰልፉ ወጣች። ያቺ አንደበቷ የተባ ሴት አንድ ቃል አልተናገረችም።

ቄሱ ወደ ምንጩ ቀርበው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ። «ጊዜ ይግለጠው ብዬ ነበር» አሉ። «ጊዜ አይደለም የገለጠው፤ ይህ ሰው ነው። እኔ ዝም ባልሁበት ልጆች ጠጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ግን እገዝታለሁ። ከዚህ ውሃ የሚጠጣም የሚያጠጣም የተገዘተ ይሁን።» ምንጩ በእሾህ ታጠረ። የስድስቱ ደብር ሕዝብ ከነከበሮው ሁለት ሰዓት ተጉዞ በዓሉን ወንዝ ዳር አከበረ።

ቆይተው ፈንጂ የሚያመክኑት ሰዎች መጡ። ገበሬው ከቆፈረበት አንድ ክንድ ርቆ ሁለት አወጡ። በርሜሎቹን ከነአፈሩ ለማንሣት ሁለት በጋ ፈጀ፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። ቀድመው ብዙ ከጠጡት ልጆች ሁለቱ ከጽዮን በኋላም ሞቱ። የመበለቷ የልጅ ልጅ ተረፈች። ምንጩ እስከ ዛሬ አይጠጣም፤ ሴቶቹ እስከ ዛሬ ወንዝ ይወርዳሉ። ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ አጥሩን ያድሳል፤ አንድ እሾህ ቢጎድል ይተካል።

የኔታ እዚህ ሲደርሱ ወደ ፈንታሁን ዞሩ።

«ልጄ፣ ‹ከእኔ የሚፈለግ ነገር አለ?› ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ ገበሬ በስምንት ቀን በነፍሱ ተወራርዶ ያገኘውን ጉድጓድ የቀበሩት ሰዎች ያውቁት ነበር። ከእነሱ አንዱ ዕርቅ በወረደ ማግስት መጥቶ፣ ‹እዚህ ጋ ነው› ብሎ ጣቱን ቢቀስር ኖሮ አንጓች ዛሬ ሚዜ የምትሆንበት ዕድሜ ላይ ነበረች። አልመጣም። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። ጠመንጃውን አስረክቦ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ‹ከእንግዲህ ከእኔ ምን ይፈለጋል?› ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ይሆናል። የያዝከው ወረቀት ለጠመንጃው ነው። ለቀበርከው ገና ወረቀት አልተሰጠህም። ጦርነት በተኳሹ ጆሮ ሲያልቅ በሚጠጣው ሆድ ይጀምራል፤ ያን የሚጨርሰው ደግሞ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ገበሬው ሳያውቅ የተናገረውን ቃል በሕዝብ ፊት መለሰ። አንተ እያወቅህ ዝም ያልከው አለ ወይ? እስቲ ንገረኝ፤ ከሰፈራችሁበት ኮረብታ ሥር የሚጠጣው ማን ነው?»

ፈንታሁን መሬት መሬት ያያል።

«የቀበርነው ሁለት ቦታ ነው፣ የኔታ» አለ። «አንዱ ከወፍጮ ቤቱ በላይ። አንዱ… አንዱ ከትምህርት ቤቱ በላይ ነው።»

የኔታ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ከትምህርት ቤቱ እንጀምራለን» አሉት። «ቦታውን ለሚያመክኑት ሰዎች አንተ ታሳያለህ። እኔ መምህራኑ ልጆቹን ከውሃው እንዲያርቁ እነግራቸዋለሁ። ና፣ ቀድመህ ምራኝ።»